የማኅበር ኪኒን

የሚያውቁኝ ሰዎች ከልደቴ ጀምሮ ዝምተኛ የነበርኩ ይመስላቸዋል። አልነበርኩም። በልጅነቴ ቅኔ ቤት ሳለሁ የኔታ «አንተን ከማስተማር ዝም ማሰኘት ይከብዳል» ይሉኝ ነበር። ዝምታን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ የተናገርኳት አንዲት ዓረፍተ ነገር አሥራ አራት ወር አሳሰረችኝ። ዓረፍተ ነገሯ ትክክል ነበረች፤ ዛሬም አልጸጸትባትም። ነገር ግን ስፈታ ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ ያልተናገርከው ቃል ያንተ ነው፤ የተናገርከው ግን የሰማው ሰው ንብረት ነው። በዚህ ደንብ ሱዳንን ተሻገርኩ፤ በዚሁ ደንብ ኦክላንድ ገባሁ። ደንቡ በአንዲት የነሐሴ ሐሙስ እንዴት እንደፈረሰ ልነግራችሁ ነው። ያፈረሱት አራት ሴቶች፣ አንድ ፋርማሲስትና ሠላሳ ኪኒን ናቸው።

ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። እኔ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበርኩ። በአገሬ የብራና መጻሕፍትን እየመረመርኩ መዝገብ የማዘጋጅ ሰው፣ እዚህ ደግሞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ በአንድ ሆቴል ላውንድሪ አንሶላ የማጥፍ ሰው ሆንኩ። የምኖረው ቴሜስካል ሰፈር፣ ከቴሌግራፍ ጎዳና ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት ውስጥ ነበር። ክፍሌ ብርሃን ስለማይገባት ጠዋት ጠዋት መጽሐፌን ይዤ ጥጉ ላይ ወዳለው ፋርማሲ እሄድ ነበር።

የፋርማሲው ባለቤት ሚስተር ቤኔት ይባላሉ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁመታቸው የረዘመ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ ነጭ ጋዋናቸውን ሳይለብሱና ቢራቢሮ ክራቫታቸውን ሳያስተካክሉ የመስኮቱን መጋረጃ አይገልጡም። ከባንኮኒው ፊት አራት ወንበሮች ነበሩ። የሰፈሩ ሰው መድኃኒቱ እስኪዘጋጅ ብቻ አይቀመጥባቸውም፤ ያልገባውን ደብዳቤ ያስነብባል፣ የደም ግፊቱን በነፃ ያስለካል፣ አውቶቡስ እስኪመጣ ወሬ ይለዋወጣል። የመስኮቱ ዳር ወንበር ቀስ በቀስ የእኔ ሆነ።

«ጉድ ሞርኒንግ፣ ፕሮፌሰር» ይሉኛል ሚስተር ቤኔት። ማዕረጉን የሰጡኝ ራሳቸው ናቸው።

«ጉድ ሞርኒንግ፣ ሚስተር ቤኔት» እላለሁ።

የሁለት ዓመት ንግግራችን ድምር ይህ ነበር። አንዳንድ ቀን የግፊት መለኪያውን አንሥተው በዓይናቸው ይጠይቁኛል። ራሴን እነቀንቃለሁ። መልሰው ያስቀምጡታል።

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ነው። ፍልሰታ ከገባ ሳምንት ሆኖታል፤ የሚጾም ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አይቀምስም። በዚያ ጠዋት ወይዘሮ አስካለ የሐኪም ወረቀት ይዘው ፋርማሲው ገቡ። ወይዘሮ አስካለ ከእኔ ክፍል በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ፣ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት የሚሠሩ፣ የሰፈሩን ሐበሻ ሁሉ በስሙና በበሽታው የሚያውቁ ሴት ናቸው። ሚስተር ቤኔት ኪኒኑን በጠፍጣፋው ሰሌዳቸው ላይ አምስት አምስት እያደረጉ ቆጠሩ፣ ጠርሙስ ውስጥ ጨመሩ፣ ከባንኮኒው ወጥተው አጠገባቸው ቆሙና ለረጅም ጊዜ አስረዱ። ወይዘሮ አስካለ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ኦኬ» ይላሉ። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ እኛ ደክሞ የሚያስረዳንን ሰው ላለማሳፈር «ኦኬ» እንላለን። ጨዋነታችንን እንጂ መረዳታችንን አያሳይም።

ሚስተር ቤኔት ይህን ጠርጥረው ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ ገጽ ገለጥኩ። ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጬ፣ ሁለቱን ቋንቋ እያወቅሁ፣ የሰው ጉዳይ ላለመስማት ያሠለጠንኩትን ጆሮ ዘግቼ ገጽ ገለጥኩ። ጽሑፌን የምታነቡ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ያንን ገጽ በመግለጤ የመጣ ነው።

በማግሥቱ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ወይዘሮ አስካለ ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። በአንድ እጃቸው የጠበል ጠርሙስ፣ በሌላው በናፕኪን የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

«መምህር፣ እንደምን አደሩ? ትናንት የሥላሴ ማኅበራችን ነበር። እርስዎን ሳላስብ አልቀረሁም። ፊትዎ ገርጥቷል። ይችን ጠዋት ጠዋት አንዳንድ ይዋጡ፤ ጉልበት ትሰጣለች።»

ናፕኪኑን ገለጥኩት። ስድስት ትንንሽ ነጭ ኪኒኖች። ምን መድኃኒት እንደሆነ አላወቅሁም፤ ቪታሚን መሰለኝ። ማወቅ ከፈለግሁ መጠየቅ ነበረብኝ። ላለመዋጥ ብፈልግ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ዓረፍተ ነገር ያስፈልገኛል፤ አንዱ ለምስጋና፣ አንዱ ለይቅርታ፣ አንዱ ለምክንያት። መዋጥ ግን ምንም ቃል አይፈልግም። ወይዘሮ አስካለ ጠበሉን በክዳኑ ቀዱልኝ፤ ጠበል ጾም አያስገድፍም። ዋጥኩ። እሳቸውም በፊቴ አንድ ዋጡና «የሥላሴ ቸርነት አይለየን» ብለው ወደ ታች ወረዱ። እኔም ወደ ወንበሬ ሄድኩ።

አራት ሰዓት ላይ የፋርማሲው በር ተከፈተ። ወይዘሮ አስካለ ባዶ ጠርሙስ ይዘው ገቡ፣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡትና በእንግሊዝኛ «ሞር» አሉ።

ሚስተር ቤኔት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። ያዩት ኪኒን ሳይሆን አየር ነው። «ትናንት ሠላሳ ሰጥቼዎታለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «የት ገባ?»

ወይዘሮ አስካለ «ኦኬ» አሉ።

ከዚያ ፊታቸው ላይ ላብ ሲፈስ አየሁ። የውጭው አየር የኦክላንድ የነሐሴ ጭጋግ ነው፤ የሚያልብ አልነበረም። እጃቸው ባንኮኒው ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሚስተር ቤኔት በአንድ ዝላይ ወጥተው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ ረዳታቸው ሚስ ዶሪስ ከኋላ ካለው ፍሪጅ አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጁስ አመጣች። ወይዘሮ አስካለ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ፕሮፌሰር» አሉ ሚስተር ቤኔት፤ ወደ እኔ እንኳ ሳይዞሩ። «መጽሐፉን ይዝጉትና ይምጡ። ይህች ሴት የወሰደችው የስኳር መድኃኒት ነው። ከምግብ ጋር ካልሆነ ስኳሯን ከልክ በታች ያወርደዋል። ካልጠጣች እዚሁ ራሷን ትስታለች። ለምንድን ነው እምቢ የምትለው?»

መጽሐፉን ዘጋሁት። «ጾም ነው» አልኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለእሳቸው ያልኩት የመጀመሪያው አዲስ ቃል ይህ ነበር። ከዚያ ወደ ወይዘሮ አስካለ ዞርኩ። «ወይዘሮ አስካለ፣ ይጠጡ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን? በፍልሰታ?»

«ሕመምተኛ በጾም አይያዝም። ሥርዓቱ ራሱ ፈቅዶታል። ኃጢአቱ ራስን መግደሉ ነው።»

«እርስዎ ይህን በምን ያውቁታል?»

«አሥራ ሁለት ዓመት የአብነት ትምህርት ቤት ነበርኩ። ዲያቆንም ነበርኩ።»

ወይዘሮ አስካለ በላባቸው መካከል አተኩረው አዩኝ። «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?» አሉኝና አማትበው ጠጡ።

መንቀጥቀጡ ጋብ እስኪል ሚስተር ቤኔት እጃቸውን ይዘው ተቀመጡ። ከዚያ ጠየቁ፤ እኔም ተረጎምኩ። መልሱ እንዲህ ነበር። ማኅበር ፊት የቀረበ ነገር ሁሉ የማኅበሩ ነው። ትናንት ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ወይዘሮ አስካለ ጠርሙሱን አወጡ። አንዷ እግሯን ይደነዝዛታል፤ አንዷ ይደክማታል፤ ሌላዋ እንቅልፍ አጥታለች። «ታዲያ እነሱ እያዩኝ ለብቻዬ ልዋጥ? ነውር አይደለም?» አሉ። ለእያንዳንዳቸው እኩል አካፈሉ። ሁሉም ዛሬ ጠዋት በጠበል ሊውጡ ተስማሙ።

ሚስተር ቤኔት ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሁሉም ይጾማሉ?»

«ሁሉም።»

«ለስንት ሰው ነው ያካፈለችው?»

ጠየቅሁ። ወይዘሮ አስካለ «ከእኔ ጋር ለአምስት» አሉና ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። አምስተኛው እኔ ነበርኩ።

ዕድሜዬን በሙሉ በጽሑፍ ሥራ የምኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ታማኝነት ነው። አንድ ፊደል በተፋቀበት ብራና ላይ እንኳ የራሴን ግምት አልጨምርም። በዚያች ደቂቃ ግን የጎረቤቱን ኪኒን ሳይጠይቅ የዋጠ ምሁር መባልን ፈራሁ። ደግሞም ምንም አልተሰማኝም።

«ከእሳቸው ጋር ለአራት» ብዬ ተረጎምኩ።

ሚስተር ቤኔት ስልኩን ወደ እኔ ገፉት።

በመጀመሪያ የደወልኩት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ለሚኖሩት ለወይዘሮ ፀዳለ ነው።

«ሄሎ? ማን ልበል?»

«የወይዘሮ አስካለ ጎረቤት ነኝ። ከላይ ያለሁት።»

«የቱ?... ዝምተኛው?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «አስካለ ምን ሆነች? ሞተች እንዴ? ዝምተኛው እስኪደውል ድረስ ምን መጣ?»

«ደኅና ናቸው። ኪኒኑን ውጠዋል?»

«አንድ ሰዓት ላይ ነዋ። ኃይለኛ መድኃኒት ነው፤ ቤቱ እየዞረብኝ ነው። ሠራ ማለት ነው።»

ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። ጁስ እንዲጠጡ ለማሳመን አራት ደቂቃ ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ ወይዘሮ አስካለ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው «ጠጪ አልኩሽ! ዲያቆን ነው የፈቀደው!» ሲሏቸው ጠጡ። ሚስ ዶሪስ ሮጣ ሄዳ ደግፋ አመጣቻቸው። ወይዘሮ ፀዳለ ሁለተኛው ወንበር ላይ ሲቀመጡ በመጀመሪያ ያዩት እኔን ነበር። «እስቲ ደግመህ ተናገር፤ በስልክ አላመንኩም» አሉኝ።

ቀጥዬ ኤል ሴሪቶ ወዳለችው ትንሽ ሱቃቸው ለወይዘሮ ብርክቲ ደወልኩ። ወይዘሮ ብርክቲ የአሥመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ ይፈጥናል። ነገሩን ስነግራቸው በር ሲዘጉ ተሰማኝ። ከዚያ በሹክሹክታ፦

«አስካለ እዚያ አለች?»

«አሉ።»

«ስማኝማ። እኔ... ቁርስ በልቻለሁ። ጨጓራዬ ስለሚያመኝ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በልቻለሁ። እንዳትነግራት።»

«ምን በሉ?»

«ፍርፍር። ከዚያ ደግሞ ሙዝ።»

ለሚስተር ቤኔት በእንግሊዝኛ አስተላለፍኩ። በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ባለቤታቸው አጠገባቸው እንዲቀመጡ፣ አሁንም አንድ ነገር እንዲበሉ፣ የቀረውን ኪኒን እንዲያስቀምጡ አዘዙ። ወይዘሮ አስካለ «ብርክቲስ ምን አለች?» ሲሉኝ «ጠንካራ ናቸው» አልኩ። ነፍሳቸውን ይማርና ምስጢራቸውን እስከ ዛሬ ጠብቄዋለሁ።

የቀሩት እማማ ዘነበች ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሳን ሆዜ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ለማኅበሩ መጥተው ልጃቸው ማታውኑ ወስዳቸዋለች። ደወልኩ። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ጮኸ።

«አታነሣም» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ልጇ ሥራ ስትሄድ ስልክ አትነካም። ስልኩ እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚያወራው ትላለች።»

ልጅየዋ የምትሠራበት የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ደወልኩ። መልእክት እንሰጣታለን አሉ፤ አሁን ግን ከመሥመሩ ልትወጣ አትችልም። ሚስተር ቤኔት ፖሊስ ወይም አምቡላንስ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ልደውል አሉ።

«በሩን ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ካንኳኳው አልጋ ሥር ይገባሉ እንጂ አይከፍቱም» አልኩ። «እንዲህ ያለ ማንኳኳት ከአገራቸው ያውቁታል። እኔም አውቀዋለሁ።»

ሚስተር ቤኔት ጋዋናቸውን ሳያወልቁ የመኪናቸውን ቁልፍ አነሡ። «እንግዲያው የሚያውቁት ቋንቋ ያንኳኳ። ዶሪስ፣ ስልኩን ደጋግመሽ ሞክሪ። ፕሮፌሰር፣ ጁሱን ይያዙ።»

ፍሪዌዩ ላይ ስንወጣ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ሄይዋርድን ስናልፍ ጣቶቼ ሲደነዝዙ ተሰማኝ። የጁሱን ጠርሙስ በሁለት እጄ ጉልበቴ ላይ ይዤዋለሁ። አንድ ጊዜ ብጎነጭ ነገሩ ያበቃ ነበር። ነገር ግን ብጎነጭ «ለምን?» ይሉኛል። እንዲህ ያለ ሞኝነት ከምሁር ሌላ ማን ያውቃል?

ሚስተር ቤኔት መንገዱን እያዩ በቀስታ መቁጠር ጀመሩ።

«አስካለ አንድ ውጣ አምስት በናፕኪን ይዛለች። ፀዳለም አንድ ውጣ አምስት። ሱቅ ያላቸውም ሴት አምስት ቀረኝ ብለዋል። ለእያንዳንዳቸው ስድስት ደርሷቸዋል ማለት ነው።»

ጠርሙሱን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

«ስድስት ለአራት ሰው ሃያ አራት ነው። እኔ የሰጠሁት ሠላሳ ነው። በአርባ ዓመት ሥራዬ ቆጠራ ተሳስቼ አላውቅም። ስድስቱ የት አሉ?»

«ምናልባት... ወድቆባቸው ይሆናል» አልኩ። ምላሴ ወፍሮብኝ ነበር።

ዓይናቸውን ከመንገዱ አንሥተው ለአፍታ አዩኝና መልሰው ወደ መንገዱ ዞሩ።

የእማማ ዘነበች ቤት ዝቅ ያለ፣ ከፊቱ አንድ የሎሚ ዛፍ ያለው ቤት ነው። መጋረጃው ተዘግቷል። አንኳኳሁ። ድምፅ የለም። ደግሜ አንኳኳሁ።

«እማማ! እማማ ዘነበች! ከወይዘሮ አስካለ ዘንድ ነው የመጣነው!»

ከውስጥ የእግር ድምፅ መጣና ከበሩ ኋላ ቆመ። በሕይወት አሉ። ነገር ግን በሩ አልተከፈተም።

«ማን ነህ?»

ስሜን ነገርኳቸው።

«አላውቅህም። አስካለ ወንድ አትልክም።»

«የአገርዎ ሰው ነኝ፣ እማማ። አማርኛዬን አይሰሙም?»

«ባሌን ያሰሩትስ በአማርኛ አይደል? ሂድ።»

ሚስተር ቤኔት ከኋላዬ «ምን አለች?» ይላሉ። በሩ በዓይኔ ፊት ሁለት ሆነ፤ ግንባሬን አስደገፍኩት። እኒያ ሴት በዚያ ወገን ኪኒን ውጠው በባዶ ሆድ እንደቆሙ ነው የማስበው፤ እያንዳንዱ ደቂቃ ከእሳቸው ይቀነሳል። የምናገረው ቃል ሁሉ የጠላት ቃል ሊሆን የሚችልበት በር ነው። ከዚያ የጠላት ሊሆን የማይችል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ የተማርኩትን የፍልሰታ ዜማ በዚያ በረንዳ ላይ ጀመርኩ። ከሃያ ዓመት በላይ ድምፄን ለዜማ አላወጣሁም ነበር። ተንቀጠቀጠ፤ ግን ስፍራውን አልሳተም። መንገድ ተሻግሮ ሣር የሚያጠጣ አንድ ሰው ውኃውን ዘጋና ቆሞ አዳመጠ።

ሦስተኛው ሐረግ ላይ ቁልፉ ዞረ።

እማማ ዘነበች አጭር፣ ነጭ ለባሽ፣ ዓይናቸው እንደ መርፌ የሚወጋ ሴት ነበሩ። «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ኪኒኑን... ውጠዋል?»

«ኪኒን በባዶ ሆድ ይዋጣል እንዴ? ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ሥዕለ አድኅኖው ሥር አስቀምጬዋለሁ። አስካለ ልብ የላትም።»

ከማኅበሩ ሁሉ አንዲት ብልህ ሴት ነበረች፤ እኛም እሷን ልናድን ስልሳ ኪሎ ሜትር በረርን። ይህን ለሚስተር ቤኔት ልተረጉም ዞርኩ። «እሳቸው...» አልኩ። ከዚያ የሎሚው ዛፍ ተገለበጠ።

ስነቃ ምንጣፍ ላይ ነኝ፤ ራሴ በእማማ ዘነበች ጭን ላይ ነው። አፌ ውስጥ የብርቱካን ጣዕም አለ። ሚስተር ቤኔት ስኳር የነካ ጣታቸውን ከድዴ እያወጡ ነበር፤ ካሳዩት በላይ ደንግጠው ነበር።

«ስድስቱን አገኘኋቸው» አሉ። ከኮቴ ኪስ ናፕኪኑን አውጥተው ይዘዋል። «አምስቱ እዚህ አሉ።»

እማማ ዘነበች የቋንቋው ችግር ሳያግዳቸው ሁሉን ተረድተዋል። ብርጭቆውን ወደ አፌ አስጠጉ። ልማድ ሆኖ አፌን ገጠምኩ።

«ጾም...» አልኩ።

«ዝም በል። ሕመምተኛ በጾም አይያዝም። ይህን ደግሞ እንኳን እንዳንተ ያለ ድምፅ ያለው፣ እኔም አውቀዋለሁ። ጠጣ።»

ጠጣሁ። ከዚያ ዳቦ በማር፣ ከዚያ ገና ያልቀዘቀዘ የሽሮ ወጥ በራሳቸው እጅ አጎረሱኝ። በዚያች ሰዓት ልጃቸው የፋብሪካ ልብሷን እንደለበሰች እየሮጠች ገባች። እናቷ ሊሞቱ ነው ተብላ የመጣችው ልጅ ያገኘችው እናቷ የማታውቀውን ወንድ ምንጣፍ ላይ ሲያጎርሱ፣ አንድ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰውዬ ደግሞ ደረቱን ሲያዳምጡ ነው።

«ማሚ፣ ዋት ኢዝ ዚስ? ማነው እሱ?»

«እንግዳ ነው» አሉ እማማ። «ቁጭ በይ፤ ለሌላውም ሰውዬ ቅረቢለት።»

ሚስተር ቤኔት ያን ቀን ሽሮ በሉ። ስኳሬ ተመልሶ እንዳይወርድ እየፈሩ እስከ አሥር ሰዓት ከአጠገቤ አልተነሡም፤ ለላውንድሪው አለቃዬም ራሳቸው ደወሉልኝ። ግፊቴንም ከመኪናቸው ባመጡት መለኪያ ያለ ፈቃዴ ለኩ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አዩት፤ ሦስተኛ ጊዜ በሌላው ክንዴ ሞከሩ።

ስንመለስ ሚስተር ቤኔት ኦክላንድ እስክንቃረብ መንገዱን ብቻ እያዩ ነዱ። ከዚያ፦ «አስካለ አምስት ብላ ነበር፤ አይደል?»

«አምስት ብለው ነበር።»

«እርስዎ አራት አሉኝ።»

«አልኩ።»

«ፕሮፌሰር፣ በሥራዬ ብዙ ዓይነት ሕመምተኛ አይቻለሁ። ሐኪሙን የማያምን አለ፣ መድኃኒቱን የሚጥል አለ። ከሁሉ የሚከብደኝ የዋጠውን የማይናገር ሰው ነው። እሱን መርዳት አልችልም። እኔ እስከማየው ድረስ ግፊትዎ ለዓመታት ከፍ ብሎ ኖሯል፤ እርስዎም ከመለኪያው በሁለት እርምጃ ርቀት ሁለት ዓመት ተቀምጠዋል።» ጥቂት ነድተው ጨመሩ፦ «ትናንት ገጽ ሲገልጡ አይቼዎታለሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ተቆጣ እላችሁ ነበር። እሳቸው ግን የተናገሩት ጠርሙስ ላይ የሚለጠፍ መመሪያ እንደሚያነብ ሰው ነው፤ ለዚህም ይሆናል እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ወንበሬ ተዘዋውሮ አገኘሁት። ከመስኮቱ ተነሥቶ ባንኮኒው አጠገብ ቆሟል፤ ከጎኑ ትንሽ ጠረጴዛ አለ። ወይዘሮ አስካለ፣ ወይዘሮ ፀዳለና ወይዘሮ ብርክቲ ቤታቸው ያለውን ኪኒን፣ ሽሮፕና ቅባት ሁሉ በከረጢት ይዘው ተደርድረዋል። አንዱ ከረጢት ውስጥ የሱዳን መድኃኒት፣ የሟች ባል መድኃኒት፣ የአንድ ድመትም መድኃኒት ነበር። ሚስተር ቤኔት እያነሡ ይጠይቃሉ፤ እኔ እተረጉማለሁ፤ ሴቶቹ ይከራከራሉ።

«ይሄንን አትጣልብኝ፤ ለፀዳለ ጉልበት ጠቅሟታል።»

«የድመት ነው እኮ፣ ወይዘሮ አስካለ።»

«ታዲያ ፀዳለ ደረጃ ስትወጣ አላየሃትም?»

በየጠርሙሱ ላይ በአማርኛ መጻፍ ጀመርኩ። እጄ የለመደው የብራና ሥርዓት ስለሆነ ጥቁርና ቀይ ቀለም ገዛሁ። በብራና ላይ ቀዩ ለቅዱሳን ስም ነው፤ እኔ ግን «ለባለቤቱ ብቻ» የሚለውን በቀይ ጻፍኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ከመዘገብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ ብዙ አንባቢ ያገኘው ጽሑፌ ይህ ነው። ከዓመት በኋላ ከካስትሮ ቫሊም ሰው ከረጢቱን ይዞ ይመጣ ነበር።

ማኅበሩም ሸንጎ ተቀምጦ ፈረደብኝ። በሴቶች ማኅበር የመጀመሪያው ወንድ አባል ሆንኩ፤ ቅጣቴም ዳቦው ከመቆረሱ በፊት የምወስደውን መድኃኒት ሁሉ ቆሜ መናገር ነው። ከእኔ በኋላ ሁሉም በተራው ይናገራል። ማካፈሉ አልቀረም፤ የሚካፈለው ነገር ተለወጠ እንጂ። ወይዘሮ ብርክቲ ግን ስለ ቁርሳቸው እስከ መጨረሻው አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ እኔም አላስገደድኳቸውም።

ዛሬ ፋርማሲው የለም፤ በስፍራው ሌላ ሱቅ ተከፍቷል። ሚስተር ቤኔትም አርፈዋል። ሲያርፉ ልጃቸው ያ ኪኒን የሚቆጥሩበትን ሰሌዳ ለእኔ ሰጠችኝ፤ መጽሐፍ ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ። እኔ ግፊቴን እየጠበቅሁ ሰማንያን አልፌአለሁ፤ በዚያ ዝምታ ብቀጥል ሃምሳ አምስትን አላይም ነበር።

ስለ እማማ ዘነበች ሳልነግራችሁ ልጨርስ አልችልም። እኒያ ስልክ የማይነኩ ሴት ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ቁጥር ብቻ መደወል ተማሩ፤ የእኔን። እስኪያርፉ ድረስ በየማለዳው ይደውሉ ነበር። «እንደምን አደርክ» አይሉም፤ ለሱ መልሱ ምንጊዜም «እግዚአብሔር ይመስገን» ስለሆነ ምንም አይነግራቸውም። በቀጥታ «ዛሬ ምን ዋጥክ?» ይሉኛል። እኔም እስከ መጠኑ ድረስ አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ። እሳቸውም ተራቸውን ይነግሩኛል፤ ከዚያ ስልኩን ዘግተን ወደየጸሎታችን እንሄዳለን።

እንግዲህ እናንተም ከጎረቤታችሁ ጋር በደረጃ ስትገናኙ በ«ደኅና ነኝ» አትለያዩ። አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ጠይቁ፤ ስትጠየቁም ቁጥሩን አታጉድሉ። አምስት ከሆነ አምስት በሉ።